ግቢው ለሕዝብ ሲከፈት

ግንቦት 30 ቀን 1907 ዓ.ም. የሐረርጌው ገዥ ደጃዝማች ተፈሪ መኰንን ከባለሟሎቻቸው ጋር ሐረማያ ሐይቅ ላይ ጀልባ ተሳፈሩ። ጀልባዋ ዳር ሳትደርስ ውሃ ገባባትና ሰጠመች። ከልጅነታቸው ጀምሮ ያስተማሯቸው አባ ሳሙኤል ከሌሎች ሰዎች ጋር እዚያው ቀሩ፤ ደጃዝማች ተፈሪ ግን ከሞት አፋፍ ተረፉ። ኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ንጉሠ ነገሥት ሆነው «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ»ን ሲጽፉ ያን ቀን አልዘለሉትም።

ሐረማያ ከሐረር በስተምዕራብ፣ ወደ ጭሮ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ደረቅ ሸለቆና ገደል በበዛበት በሐረርጌ ደጋ እንዲህ ያለ ሰፊ ውሃ ብርቅ ነው። ገዥዎች ደግሞ በየትኛውም አገር ውሃ ካለበት አይርቁም። ሐይቅ ዳር እልፍኝ ማሠራት፣ ዙሪያውን ዛፍና አበባ ማስተከል፣ ከሥራ ሲያርፉ እዚያ መቀመጥ የሥልጣን አንዱ ወግ ሆኖ ኖሯል። እነዚያ ግቢዎች በኢትዮጵያ እንዴት እንደተወለዱ ብዙ ተጽፏል። ባለቤቶቻቸው ከሄዱ በኋላ ቁልፉ በማን እጅ እንደገባና ለሕዝብ በር እንዴት እንደተከፈተ የሚነግረው ታሪክ ግን ከዚያ ያላነሰ የሚያስደንቅ ነው፤ ለምዕራብ ሐረርጌ ከተሞችም ቀጥታ ይመለከታቸዋል።

ከጥንቱ እንነሣ። ዐፄ ሱስንዮስ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከጣና በስተሰሜን፣ ጎርጎራ ላይ ቤተ መንግሥት አሠርተዋል፤ ኢየሱሳዊው ሚስዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝም በሥራው እጁ አለበት። ዛሬ እዚያ የሚታየው ፍርስራሽ ነው። የልጃቸው የዐፄ ፋሲል ሥራ ግን ሌላ ዕድል ገጠመው። ከጎንደር መሀል ከተማ ወጣ ብሎ በግንብ የታጠረ ሰፊ ገንዳ አለ፤ መሀሉ ላይ በቅስት ድልድይ የሚደረስበት ባለ ፎቅ ግንብ ቆሟል። ውሃው የሚመጣው በቦይ ከቃሃ ወንዝ ነው። ከጥምቀት ቀደም ብሎ ቦዩ ይከፈትና ገንዳው ለቀናት ሲሞላ ይሰነብታል፤ በዓሉ ሲያልፍ ውሃው ይለቀቃል። በአጥሩ ግንብ ላይ የበቀሉት የዋርካ ዛፎች ሥራቸውን እንደ ገመድ አወፍረው በድንጋዩ ላይ ለቀውታል፤ አንዳንዱ ሥር የግንቡን ድንጋይ ከሁለት በኩል አቅፎ ይዞታል፤ ዛፉ ቢቆረጥ ግንቡም አብሮ የሚናድ ይመስላል። ጠጋኝ ባለሙያ እዚያ ሲሠራ የድንጋዩን ያህል ስለ ሥሩም መጨነቅ አለበት።

የጎርጎራው ፈርሶ የጎንደሩ የቆመው ግንበኞቹ ስለተበላለጡ ብቻ አይመስልም። የፋሲል መጠመቂያ የሚባለው ይህ ገንዳ በየዓመቱ ይፈለጋል። ጥር በመጣ ቁጥር ቦዩን የሚጠርግ፣ የተሰነጠቀውን የሚያይ፣ ውሃው ካልሞላ የሚጮህ ሕዝብ አለው። ስለዚህ ቤቱን የሠራው መንግሥት ካለፈ በኋላ ቤቱ ሌላ ባለቤት አገኘ።

በዘመናችን እንደዚህ ካሉት ግቢዎች ሁሉ የላቀ ታሪክ ያለው አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ የሚገኘው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። ቤቱ የተሠራው በ1927 ዓ.ም. ጥር ወር ለመጣው የስዊድን አልጋ ወራሽ ማረፊያ እንዲሆን ታስቦ፣ በጥድፊያ ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ጣሊያን ገባና ግቢው የእንደራሴው የግራዚያኒ መቀመጫ ሆነ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ የወረወሩት በዚህ ግቢ፣ ግራዚያኒ ለድሆች ምጽዋት በሚያከፋፍልበት ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ በአዲስ አበባ ላይ የወረደውን ሦስት ቀን የፈጀ እልቂት የማያውቅ የለም። ፋሽስቶቹ ሥልጣን የያዙበትን ዘመን በየእርከኑ የሚቆጥር የሲሚንቶ ደረጃ ግቢው ውስጥ አቁመው ነበር። ነጻነት ከተመለሰ በኋላ ደረጃው አልፈረሰም፤ ከጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። ወደ የትም የማያደርስ ደረጃ፣ ከላዩ አንበሳ፤ ተማሪዎች ዛሬም ከሥሩ ተቀምጠው ያጠናሉ።

ታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. እነ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ሲያደርጉ፣ ታግተው የነበሩትን ራስ አበበ አረጋይን፣ ራስ ሥዩም መንገሻንና ሌሎችንም ታላላቅ ሹማምንት በጥይት የመቷቸው በዚሁ ቤት አረንጓዴው ሳሎን ውስጥ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ከዚያ ወዲያ ለመኖሪያነት አልተመለሱበትም። ግቢውን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት፤ ታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ተከፈተ። በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም በዚያው ሕንፃ ተመሠረተ፤ የመጀመሪያ ዳይሬክተሩ ሪቻርድ ፓንክረስት ነበሩ። የንጉሠ ነገሥቱና የእቴጌይቱ መኝታ ክፍሎች ከነመታጠቢያቸው እንዳሉ ተጠበቁ፤ የቀሩት ክፍሎች የኢትዮጵያን ሕዝቦች ኑሮ ከልደት እስከ ሞት በየደረጃው የሚያሳይ ሙዚየም ሆኑ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። ደም የፈሰሰበትን ቤት አጥሮ መዝጋት ወይም ማፍረስ የተለመደ ነው። እሱን ለተማሪ፣ ለቤተ መጻሕፍትና ለሙዚየም መስጠት ግን ትልቅ ውሳኔ ነበር። ቤቱ ከዚያ ወዲህ ሦስት መንግሥታት ሲፈራረቁ ባዶውን ያልቀረው ለዕለት ተዕለት ሥራ ስለሚፈለግ ነው፤ ጠዋት የሚከፍተው፣ ማታ የሚዘጋው፣ የጃካራንዳውን ቅጠል የሚጠርገው ሠራተኛ በደመወዝ መዝገብ ላይ አለ።

ንጉሠ ነገሥቱ የገቡበት የኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ለሕዝብ እስኪከፈት የሄደበት መንገድ ረዘም ያለ ነው። በ1948 ዓ.ም. ለ25ኛ ዓመት የዘውድ በዓላቸው የተመረቀ ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ በቮልስዋገን መኪና ተሳፍረው የተወሰዱት ከዚሁ ግቢ ነው። ከዚያ በኋላ ለአምሳ ዓመት ያህል ለተራው ሰው አጥሩ ብቻ የሚታይ ቦታ ሆኖ ኖረ። በፈረንሳይ ድጋፍ ታድሶ ሙዚየም ሆኖ ለጎብኚ የተከፈተው በ2017 ዓ.ም. ነው። የምኒልክ ታላቁ ቤተ መንግሥት ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ መስከረም 29 ቀን 2012 ዓ.ም. አንድነት ፓርክ ተብሎ ተከፍቷል፤ አዳራሹ፣ እንቁላል ቤቱና ዙፋን ቤቱ ታድሰዋል። በ1967 ዓ.ም. ኅዳር ከተረሸኑት ስልሳ ያህል ሹማምንት ብዙዎቹ ከዚያ በፊት ታስረው የቆዩት በዚህ ግቢ ምድር ቤት ነበር። ትኬት ቆርጦ የሚገባ ቤተሰብ ልጆቹን አንበሳ ለማሳየት መጥቶ ይህን ሁሉ ታሪክ አብሮ ያገኛል።

ሐረርጌ ሲደረስ ደግሞ ነገሩ መጠኑ ይቀንሳል፤ ትርጉሙ ግን አይቀንስም። ሐረር ጀጎል ውስጥ «የራስ ተፈሪ ቤት» የሚባለው ባለ ፎቅ የእንጨት በረንዳና የተቀረጸ በር ያለው ቤት የሕንድ አሠራር መልክ የያዘ ነው። ለረጅም ጊዜ ብዙ ቤተሰብ ተጋፍቶ ይኖርበት ነበር። ዛሬ የአቶ አብዱላሂ ሸሪፍ የግል ሙዚየም በውስጡ ነው። አቶ አብዱላሂ ከራሳቸው ቤት ጀምረው የእጅ ጽሑፍ፣ ሳንቲም፣ ጌጣጌጥና የድሮ የድምፅ ቅጂ ሲሰበስቡ ኖረዋል። ክልሉ ቤቱን አድሶ ስብስቡ እንዲገባበት አደረገ። አንድ ሰው ቅርስ ሰበሰበ፣ መንግሥት ቤት ሰጠ፤ የሐረሩ መላ ይህ ነው። ወደ ምዕራብ ሐረርጌ ሊሻገር የሚችለውም ከቤተ መንግሥቱ መላ ይልቅ ይኸኛው ይመስላል።

ለመሆኑ በጭሮ አካባቢ ለዚህ የሚሆን ታሪክ አለ? በደንብ አለ።

ከሁሉ የቀደመው ግቢ ግንብ የለውም። ኦዳ ቡልቱም የኢቱ ኦሮሞ የገዳ ሸንጎ የሚቀመጥበት፣ ሕግ የሚወጣበትና ክርክር የሚዳኝበት የኦዳ ዛፍ ጥላ ነው። ባለቤቱ ሸንጎው ነው። ገዥዎች አፀድ ማስተከል ሳይጀምሩ ሕዝቡ ጭሮ በምትገኝበት በጨርጨር ምድር የጋራ መናፈሻ ነበረው፤ ደንብ ያለው፣ ቅርንጫፉ በዘፈቀደ የማይቆረጥ።

ከዚያ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም መጡ። ልጅ ሆነው በሐረር በራስ መኰንን ዘንድ ያደጉ፣ ከዐድዋ በኋላ ወደ ሩሲያ ሄደው የመድፈኛ ትምህርት የተማሩ፣ «ፋቡላ፥ የአውሬዎች ኮሜዲያ» በሚለው ሥራቸው ለኢትዮጵያ የመጀመሪያውን ዘመናዊ ቲያትር የጻፉ ሰው ናቸው። ራስ ተፈሪ ጨርጨርን ለሌሎች አውራጃዎች ማሳያ ለማድረግ ሲያስቡ አስተዳደሩን የሰጡት ለእሳቸው ነው። ዛሬ ጭሮ የምትባለው አሰበ ተፈሪም ከኩኒ ይልቅ የአውራጃው ማዕከል ሆና አደገች። የቤተሰባቸው ኑሮ ከሂርና ጋር የተሳሰረ ነው፤ «አርአያ»ን የጻፉት ልጃቸው ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት የተወለዱት ሂርና ነው። ተክለ ሐዋርያት ራሳቸውም ከጣሊያን ወረራ በኋላ በስደት ማዳጋስካር ብዙ ዓመት ቆይተው ሲመለሱ የእርሻ ኑሮን መርጠው ሂርና ተቀመጡ። የሞቱት በ1969 ዓ.ም. ነው። የሕይወት ታሪካቸው ከሞቱ በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ታትሞ ወጥቷል።

በእሳቸው በኩል ደግሞ ሌላ ሩቅ አገር፣ ጃፓን፣ ወደዚህ የግቢዎች ታሪክ ትገባለች። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የታወጀውን የመጀመሪያውን የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ተክለ ሐዋርያት ናቸው፤ እንደ አርአያ የተያዘው እ.ኤ.አ. በ1889 የወጣው የጃፓን የሜይጂ ሕገ መንግሥት ነበር። ጥቂት ወራት ቆይቶ፣ በ1924 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጃፓንን ጎብኝተው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፋቸውን ጻፉ። በዚያ ዘመን የነበሩ ምሁራን ያን ሩቅ ደሴት የሚያዩት ነጻነቱን ሳያስነካ የሠለጠነ አገር አድርገው ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ኅዳር 1949 ዓ.ም. ወደ ጃፓን ሄዱ፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ያችን አገር ከጎበኙት የመጀመሪያዎቹ ርእሳነ ብሔር አንዱ ናቸው። የጃፓኑ አልጋ ወራሽ አኪሂቶም ከባለቤታቸው ጋር በ1953 ዓ.ም. ኅዳር አዲስ አበባ መጥተው ነበር፤ በገነተ ልዑል ያ ሁሉ ከመድረሱ ከሳምንታት በፊት መሆኑ ነው።

ስለዚህ አንድ ሰው ተነሥቶ በጭሮ ወይም በሂርና የተክለ ሐዋርያትን ዘመን የሚያስታውስ ቤት ይቁም፣ ከቤቱ አጠገብ የጃፓን አትክልት ይሠራ ቢል ከሰማይ የወረደ ሐሳብ አይሆንም።

ጥያቄው ውሃ ነው። የጃፓን አትክልት ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ኩሬ፣ ቀይ ድልድይና ባለቀለም ዓሣ ነው። በጣሊያን ኮሞ ሐይቅ ዳር ቤላጆ ከተማ የሚገኘው ቪላ ሜልዚ እንደዚያ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1808 እስከ 1810 ለፍራንቼስኮ ሜልዚ የተሠራው ይህ ቪላ ከሐይቁ ዳር ኩሬ አለው፤ ኩሬው ዙሪያ የጃፓን ሜፕል ቅጠሉ በመኸር ይቀላል። ከሐይቁ ማዶ ያለው ቪላ ካርሎታ ደግሞ የቀርከሃ አፀድ አለው። ቪላ ሜልዚ በግል ባለቤትነት እንዳለ አትክልቱ ለጎብኚ ክፍት ነው፤ ቪላ ካርሎታን ግን እ.ኤ.አ. ከ1927 ጀምሮ የሚያስተዳድረው ለዚሁ የተቋቋመ የበጎ አድራጎት ተቋም ነው። ቁልፉ በቤተሰብ እጅም በተቋም እጅም ሊቆይ ይችላል ማለት ነው፤ የሚቆየው ግን አትክልተኛው ሲቆይ ነው።

ይህን ከሁሉ አጉልቶ የሚያሳየው ሳን ፍራንሲስኮ ያለው የጃፓን የሻይ አትክልት ነው። እ.ኤ.አ. በ1894 ለዓለም አቀፍ ትርዒት ተሠራ። ማኮቶ ሀጊዋራ የተባሉ ጃፓናዊ ስደተኛ ከነቤተሰባቸው እዚያው ገብተው እየኖሩ አስፋፉት። እሳቸው ሲሞቱ ልጆቻቸው ቀጠሉ። በ1942 ግን የአሜሪካ መንግሥት ጃፓናውያንን ከየቤታቸው አውጥቶ ወደ ማጎሪያ ሲወስድ የሀጊዋራ ቤተሰብም ተወሰደ። የአትክልቱ ስም እንኳ ተለወጠ፤ የቀድሞ ስሙ የተመለሰለት በ1952 ነው። ቤተሰቡ ግን ወደዚያ አልተመለሰም።

በሐረርጌም ስለ ውሃ የሚናገር የራሳችን ታሪክ አለ። ሐረማያ ሐይቅ ለአሥርት ዓመታት ለሐረር ከተማ የመጠጥ ውሃ ሲሰጥ ኖሮ በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ደረቀ። ተራራው ደን አጥቶ ደለሉ ወረደ፤ የጫትና የአትክልት ማሳ በየጠርዙ ሞተር ተክሎ ሳበው፤ ከተማዋም ጠጣችው። ዓሣ ይያዝበት የነበረው ቦታ ከብት ተሰማራበት። ሐረር ውሃ ከድሬዳዋ አቅጣጫ በቧንቧ ለማስመጣት ተገደደች። በ2010ዎቹ ሐይቁ ተመልሶ መሙላት መጀመሩ ለአካባቢው ሰው ታላቅ የምሥራች ሆኗል። ሐይቅ ዳር ቤት ልሥራ የሚል ባለሀብት በመጀመሪያ ማየት ያለበት ዳገቱን ነው፤ ቪላውን አድሶ ተፋሰሱን የረሳ ሰው ሜዳ ላይ የቆመ ቪላ ይኖረዋል።

ለጭሮ ግን ሌላ ዓይነት የጃፓን አትክልት አለ። ኪዮቶ ውስጥ ሪዮአንጂ በተባለው የዜን ገዳም ያለው አትክልት አንድም የውሃ ጠብታ የለበትም። በአጥር በተከበበ ረጅም ሜዳ ላይ ነጭ ጠጠር ተነጥፏል፤ በጠጠሩ ላይ 15 ድንጋዮች በተለያየ ጎራ ተቀምጠዋል፤ መነኮሳት ጠጠሩን በመንሽ እየሳቡ የሞገድ መስመር ያወጡለታል። በረንዳው ላይ የተቀመጠ ሰው በየትኛውም ቦታ ቢሆን ከ15ቱ አንዱ ይሰወርበታል። ሰውየው ቦታ ቢለውጥ የተሰወረው ይገለጥና ሌላው ይሸሸጋል። ድንጋዮቹ ሲቀመጡ ከፊላቸው መሬት ውስጥ ይቀበራል፤ እንዲህ ሲሆን ከምድር የበቀሉ እንጂ ከላይ የተጣሉ አይመስሉም።

ይህን ሥራ የሐረርጌ ገበሬ ቢያይ አይገርመውም። ከሂርና እስከ ጭሮ በየዳገቱ ያለው የድንጋይ እርከን የተሠራው እንዲሁ ነው፤ ትልቁ ድንጋይ ከሥር ይቀበራል፣ ፊቱ ወደ ውጭ ይዞራል፣ ትንንሹ ከኋላ ይጠቀጠቃል። ድንጋይ ማስቀመጥ የሚያውቅ ሕዝብ ባለበት ምድር ለጃፓን አትክልት ባለሙያ ሙሉ በሙሉ ከውጭ ማምጣት አያስፈልግም። ጥላውም በቅርብ አለ፦ ከአሰበ ተፈሪ በላይ ያለው የሙክታር ደን ለደጋ አጋዘን ሲባል ከኩኒ ጋር በጥብቅነት ከተከለለ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ጽዱም፣ ዝግባውም፣ ወይራውም የአገሬው ነው።

የሚቀረው ቁልፉን የሚይዘው ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በስደት የኖሩበት የእንግሊዙ ፌርፊልድ ቤት በ1950 ዓ.ም. ለባዝ ከተማ የተሰጠው ለአረጋውያን እንዲውል ተብሎ ነበር። እስከ ዛሬም የአካባቢው አረጋውያን፣ ኢትዮጵያውያንና ራስ ተፈሪያውያን ይገናኙበታል። ስጦታው ከነሥራው ስለተሰጠ ቤቱ ባዶውን አልቀረም። ጭሮም ከነሥራ የሚረከብ አላት። ቀድሞ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ የነበረውና አሁን በሸንጎው ዛፍ ስም የተሰየመው ኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ እዚያው ከተማ ነው። ገነተ ልዑልን ዩኒቨርሲቲ ተረክቦ ከ60 ዓመት በላይ ይዞታል። ኦዳ ቡልቱምም የተክለ ሐዋርያትን መጻሕፍትና ደብዳቤዎች፣ የጨርጨርን የአስተዳደር ሰነዶች፣ የሽማግሌዎችን ትዝታ እያሰባሰበ አንድ ያረጀ ቤት ተረክቦ ቢጀምር፣ አቶ አብዱላሂ ሐረር ላይ ብቻቸውን የጀመሩትን ያህል ከባድ አይሆንበትም። ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ በበጀቱ ላይ መጻፍ ያለበት አንድ መስመር አለ፦ የሁለት አትክልተኞች ቋሚ ደመወዝ።